የአስራ አራት ቁጥር ጥርስ

ሃያ ዘጠኝ ክረምት፣ ጌንት፣ ከቦዩ አጠገብ፣
ከትራሞች ሆድ ሥር ተኝቼ ድምፅ ሳነብ፣
ሰባት ደብተር ሞላሁ።
ሽፋናቸው ጥቁር፣ ግራሶ የጠጣ፣
ከየገጹ ኅዳግ አሻራዬ የወጣ፤
«የሃያ ሁለት ፍሬን ሲበርደው ይነክሳል»፣
«የዘጠኝ ቁጥር በር በዝናብ ያለቅሳል»፣
«የአስራ አራት ጥርስ...» እያልኩ በአማርኛ፣
ማንም እንዳያነብ፣ እኔው ብቻ ዳኛ።

ኩባንያው ታብሌት ገዛ የዛሬ ሦስት ዓመት፤
ላንድ ቡሎን አርባ ሳጥን፣ መሙላት ነው በየዕለት።
እኛ ሽማግሌዎች «እሺ» ብለን ፈረምን፣
ከፒንሳዎቹ ሥር በክብር ቀበርን።

ከዚያ ሊዘሎት መጣች፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ፣
አንድ ጆሮ ለሙዚቃ፣ አንዱን ለኛ ሰጥታ፣ እንዲህ ነው አመጣጧ።
ታብሌቱን አወጣች፣ በእጅጌዋ ጠረገች፣
አየችው፣ አየችው፣ መልሳ ከተተች።
«ይህን ቅጽ የሠራው ቡሎን ፈቶ አያውቅም» አለች።
ስልኳን አወጣችና እንደ ሰው አዋራችው፣
«የሃያ ሁለት ፍሬን አልቋል፣ ቀይሬዋለሁ፣ በቃ» ብላ ነገረችው፤
ስልኩ ራሱ ጻፈ፣ አርባውንም ሞላው።
ጎማ ሥር እንዳለሁ ሳቄ አመለጠኝ፤
ቶሎ ብዬ ቁጣ አለበስኩት።

አንድ ቀን ደብተሬን ፎቶ አንስታ ኖሯል፤
ስልኩ በደች ቋንቋ ተርጉሞ አንብቧል፦
«አስራ አራተኛው ታማሚ ጥርሱን ያመዋል፣
ሌሊት እየጮኸ ቅባት ይለምናል።»
ጋራዡ በሙሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣
አለቃ ቬርሁልስት ከወንበር ወደቀ።
እኔም ሳቅሁ። ግን አፈርኩ። ሰባት ደብተር ሙሉ
የማርሽ ጥርስ ያልኩትን፣ የሰው ጥርስ ነው አሉ።

እሷ ብቻ አልሳቀች፤ ጃኬቷን ዘርግታ
ትራም ሥር ገባችና፣ ሙዚቃዋን አጥፍታ፣
«አሰማኝ» አለችኝ።
የካቻቪቴውን ጫፍ አስነካሁ ከብረቱ፣
እጀታውን ደግሞ ከጆሮዋ ሥር፣ ከአጥንቱ፤
ሰማች። ፊቷ ላይ አንድ ነገር በራ፤
ስልኳን እጀታው ላይ አስጠጋች በተራ።
«አሁን ተናገር፣ ይቀዳል። በፈለግኸው ቋንቋ።»
አርባ ደቂቃ አወራሁ። የሰባት ደብተር ቃል
ቀስ እያለ ወጣ፣ እንደ ቀዘቀዘ ዘይት።

ግን ሰዓቱ ሲደርስ፣ በነሱ አምስት፣ በኔ አስራ አንድ፣
ስልኳን ድርግም አርጋ፣ ያዘች የወንዙን መንገድ፣
በብስክሌቷ።
አለቃው ደወለ። ደወለ። ደወለ።
ጠዋት ፊቱ ቀልቶ «የት ነበርሽ?» አለ።
«ቤቴ» አለችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እኔስ? ሃያ ዓመት ስልኬ ነው የእራታችን ሦስተኛ፣
በኔና በሚስቴ መካከል የሚተኛ፤
ገና ሲንቀጠቀጥ ጉርሻ ከእጄ የምጥል፣
«ሰነፍ ትውልድ!» አልኩኝ፣ ቅናት አንጀቴን ሲያቃጥል።

ሐሙስ ማታ አጠፋሁት።
ትርንጎ ደነገጠች፦ «ጠፋብህ? ተሰረቅህ?»
እራቱ ረዘመብን። ወሬ አጣን።
ስለ ጎረቤት ድመት አወራን፣
ከዚያ ስለ ድመቷ ባለቤት።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣
ወጥ ቤት ገብቼ አበራሁት።
ማንም አልደወለም።
ሃያ ሁለት አልቆመም፤ ቦይ የገባ ትራም የለም።
አንድ መልእክት ብቻ፣ ከሊዘሎት፣
ለአስራ አንድ አንድ ደቂቃ ሲቀረው የተላከ፤
ቃል የለውም፣ ድምፅ ነው። የአስራ አራት ማርሽ።
ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት፣ ጨለማ ውስጥ ቆሜ፣
«ሦስተኛው ጥርስ ነው» አልኩ፣ ለራሴው ደግሜ።

መልሼ አጠፋሁት።
ለጠዋት ይደርሳል።